ከቀኝ አፍንጫዬ ብቻ የሚመጣ ነስር፣ 3 ሳምንት ሆነው

ባለ አይሱዙው፣ ከአዳማ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የምኖረው አዳማ ነው፣ ፍራንኮ አካባቢ። ሥራዬ ሹፌርነት ነው። ከባሌ ሮቤ ስንዴ ጭኜ አዳማ ዱቄት ፋብሪካ አራግፋለሁ። ዕድሜዬ 41። ሲጋራ አላጨስም። ጫት ግን፣ ልዋሽ አልችልም፣ መንገድ ሲረዝም እይዛለሁ።

ችግሬ ነስር ነው። የመጀመሪያው ቀን አሰላን አልፌ ወደ ኢተያ ስወርድ መሪው ላይ ጠብ አለ። ላብ መሰለኝ። በእጄ ጠረግ ሳደርገው ቀይ ነው። መኪናውን ጥግ አስያዝኩ፣ ረዳቴ ሶፍት አቀበለኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ፈሰሰና ቆመ። በማግስቱ ቤቴ ቁርስ ላይ ሆኜ መጣ። እንጀራው ላይ። ልጄ ጮኸች። ከዚያ ወዲህ በቀን አንዴ፣ አንዳንድ ቀን ሁለቴ ነው። አንዳንዴ ሁለት ቀን ይዘለኝና "እፎይ፣ ተወኝ" ስል ይመለሳል።

የሚገርመኝ ሁልጊዜ ከቀኙ መሆኑ ነው። ግራው አንድ ቀን እንኳ አልደማም። አያመኝም። ግን ቀኙ ይታፈናል። ማታ ስተኛ ወደ ጉሮሮዬ የሆነ ነገር ይወርዳል፣ ስተፋው ደም ነው። አንዳንዴ ውስጡን ያሳክከኛል። እንዲያውም የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ የሚሰማኝ ጊዜ አለ። ለባለቤቴ ብነግራት "እንቅልፍ አጥተህ ነው" አለችኝ። እናንተም መሳቅ ትችላላችሁ፣ እኔ ግን የሚሰማኝን ነው የጻፍኩት።

ክሊኒክ ሄጃለሁ። ስሙ ይቅር። ገና ደሜ ሳይደርቅ ግፊቴን ለኩና 150 በ95 ነው አሉኝ። የግፊት ኪኒን፣ አንቲባዮቲክና አፍንጫ የሚከፍት ጠብታ ይዤ ወጣሁ። አፍንጫዬን ግን ማንም በመብራት ከፍቶ አላየውም። መኪና ዘይት ሲያንጠባጥብ ኮፈኑን ሳይከፍት "ዘይት ጨምርበት" ብሎ የሚሸኝ መካኒክ እኔ አይቼ አላውቅም። ነስሩ እንደሆነ አልቆመም። ጭራሽ ደረጃ ስወጣ ልቤ ድው ድው ማለት ጀምሯል፣ "ፊትህ ነጣ" ይሉኛል።

ሰፈር ውስጥ የጠየቅኩት ሁሉ "የአዳማ ሙቀት ነው፣ ነፋሱ ነው" ይለኛል። እዚህ ከተማ ለሁሉም ነገር ጥፋተኛው ነፋስ ነው። ጥርስህን ቢያምህ ነፋስ፣ ብር ብታጣ ነፋስ። እኔ ግን ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነው። 41 ዓመት ሙሉ ያው ነፋስ ሲነፍስብኝ ኖሮ አሁን ምን ነካው? ማታ ስልኬ ላይ ስፈልግ ደግሞ ካንሰር፣ ካንሰር ይለኛል። እንቅልፍ አጣሁ። የደረሰበት ሰው ካለ፣ ወይም የሚያውቅ፣ እባካችሁ።

እትዬ ሎሚ፣ ከአዳማ

አይዞህ ልጄ። ሙቀት ነው፣ አትሸበር። ልጆች ሳለን ሲነስረን እናታችን ቀና አድርጋ አስተኝታ አናታችን ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ታፈስልን ነበር። ሎሚ ቆርጠህ አሽትት። ቀትር ላይ አትንዳ። ጫቱንም ተው፣ እሱ ነው የሚያደርቅህ። ነፋስ ነው ስንልህ ደግሞ አታሹፍ። የዘንድሮ ነፋስ የድሮው አይደለም።

ነጭ ጋዋን፣ ከሐዋሳ

እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሎሚውን ያሽትት ግድ የለም፣ ቀና ማለቱን ግን ይተውት። ሐዋሳ አንገት በላይ ክፍል ውስጥ ነርስ ነኝ፣ ስድስት ዓመቴ። ሰው ቀና ሲል ደሙ አይቆምም፣ መንገዱን ነው የሚቀይረው። በጉሮሮ ወርዶ ይዋጣል፣ ሆድ ውስጥ ይጠራቀምና ያስመልሳል። ከዚያ ቤተሰቡ "ደም አስመለሰው" ብሎ እየጮኸ ይዞት ይመጣል። ስንት ሌሊት እንዲህ እንደደነገጥን እኛ ነን የምናውቀው።

ባለ አይሱዙው፣ ሲመጣብህ ተቀመጥ። ወደ ፊት ጎንበስ በል። ከአጥንቱ በታች ያለውን ለስላሳውን የአፍንጫህን ክፍል በአውራ ጣትና በሌባ ጣትህ ጥብቅ አድርገህ ያዝ፣ በአፍህ ተንፍስ። ሰዓት እያየህ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። በመሃል "ቆመ ወይ?" ብለህ አትልቀቅ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። አጥንቱን ጨምድደው የሚመጡም ብዙ ናቸው፣ እሱ ምንም አይጠቅምም። ሁለቴ እንዲህ አድርገህ፣ ግማሽ ሰዓት አልፎ ካልቆመ ሐኪም ቤት ነው።

አብዛኛው ነስር፣ ከ10ሩ 9ኙ ያህል፣ ከፊት ነው የሚመጣው። አፍንጫን ለሁለት የሚከፍለው ግድግዳ ፊቱ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች የሚገናኙበት ቦታ አለ። ጣት የሚደርስበት ቦታ ነው። አየሩ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ልጅ ሲጎረጉረው ይደማል። ለዚያ ቫዝሊን ቀባ ማድረግና በጨው ውሃ ማርጠብ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። የእትዬ ሙቀትና ነፋስ እዚህ ላይ እውነት አላቸው።

ያንተ ግን አላማረኝም። ከአንድ ወገን ብቻ፣ መታፈን አለው፣ ወደ ኋላ ይወርዳል፣ 3 ሳምንት ሆኖታል። ስለ ግፊቱ ሐኪምህን አልቃረንም። ነገር ግን ደም እየፈሰሰው የፈራ ሰው ግፊቱ ከፍ ማለቱ አይቀርም፣ ተረጋግተህ በሌላ ቀን ደጋግመህ ተለካ። ኪኒኑን በራስህ ፈቃድ አታቁም። ጠብታውን ግን ከ5 ቀን በላይ አትጠቀምበት። አፍንጫ የሚከፍተው ጠብታ ሲረዝም መልሶ ራሱ ይደፍነዋል።

እስቲ ልጠይቅህ። አስፒሪን ወይም ደም ማቅጠኛ ትወስዳለህ? ስትላጭ የቆረጥከው ቶሎ ይደርቃል? ድድህ ይደማል? ሳትመታ ሰውነትህ ይበልዛል? መልስህ ወደዚያ ካጋደለ ችግሩ ያለው ደሙ ላይ ነው። ደም እንዲረጋ የሚረዳው የፕላትሌት ማነስ፣ የጉበት በሽታ፣ ወይም በዘር የሚመጣ ያለመርጋት ችግር ይሆናል። መተማ ወይም ሁመራ በረሃ ወርደህ ነበር? እዚያ ያለው ካላዛር የሚባል በሽታ ትኩሳትና የጣፊያ ማበጥ ይዞ ሲመጣ ነስርም አለው። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻም እንደዚያው። ልጅ ብትሆን ኖሮ ባቄላ ወይም ዶቃ ከትተህ እንደሆነ እጠይቅ ነበር። (ወላጆች፣ የእጅ ሰዓት ባትሪ ከሆነ አንድ ሌሊት አታሳድሩት። በሰዓታት ውስጥ ግድግዳውን ያቃጥለዋል።) ጎረምሳ ወንዶች ላይ ደግሞ ከአፍንጫ ጀርባ የሚያድግ በደም ሥር የተሞላ ዕጢ አለ። ካንሰር አይደለም፣ ግን ደሙ ለጉድ ነው። አንተን ጎረምሳነት አልፎሃል።

በትልቅ ሰው ከአንድ ወገን ብቻ ሲሆን ዕጢ አለመኖሩን ማየት ግድ ነው። ላስፈራህ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ሌላ ነገር ነው። ግን አንገት በላይ ሐኪም በካሜራ ገብቶ ይየው። በግምት ኪኒን መዋጥ ይብቃህ።

ቀይ ነጥብ፣ ከአዳማ

እኔ የራሴን ልንገርህ። መምህርት ነኝ። ከ12 ዓመቴ ጀምሮ ይነስረኛል። አባቴም ይነስረው ነበር፣ አክስቴም። እኛ ቤት ነስር እንደ ጉንፋን ነው የሚታየው። ነጭ ሸሚዝ ገዝቼ አላውቅም። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሲጀምረኝ ተማሪዎቼ ሳልጠይቃቸው ሶፍት ያመጡልኛል። ከፊት ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ቦርሳዋ ውስጥ ለእኔ ብላ ትይዛለች።

አንድ ቦታ ሦስት ጊዜ በመድኃኒት ተኮሱልኝ። አንድ ወር ደህና እሆናለሁ፣ ከዚያ ይመለሳል። በአራተኛው ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። አፍንጫዬን ሳያይ "ምላስሽን አውጪ" አለኝ። ቀጥሎ ከንፈሬን አየ፣ የጣቶቼን ጫፍ አገላብጦ አየ። ትንንሽ ቀይ ነጥቦች አሉኝ። ሲጫኗቸው ይጠፋሉ፣ ሲለቋቸው ይመለሳሉ። እኔ አብሮኝ የተወለደ ምልክት ነው ብዬ ነበር የኖርኩት። "አባትሽም እንዲህ ነበረው?" አለኝ። ነበረው። ከንፈሩ ላይ።

በሽታው በገለጹት ሐኪሞች ስም ኦስለር ዌበር ሬንዱ ይባላል። ኦስለር ስለ እሱ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው፣ ሬንዱ ደግሞ ከዚያ በፊት በ1896። ደም ቅዳና ደም መልስ መሃል ሊኖር የሚገባው ቀጭን መረብ አንዳንድ ቦታ ላይ ይጎድላል። ሥሮቹ በቀጥታ ይገጣጠማሉ። ግድግዳቸው ስስ ስለሆነ ማስነጠስ እንኳ ያደማቸዋል። ከ5,000 ሰው አንድ ያህል አለበት ይባላል። ወላጅ ካለበት የእያንዳንዱ ልጅ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። ይህን ሲነግረኝ ልጆቼን አንድ በአንድ ማሰብ ጀመርኩ። ትልቁ ይነስረዋል፣ ትንሿ እስካሁን ደህና ናት።

መተኮሱን "ይብቃሽ" አለኝ፣ ሲደጋገም ግድግዳውን ይበሳዋል። አሁን ጠዋትና ማታ በጨው ውሃ አረጥባለሁ፣ ቫዝሊን እቀባለሁ። ሲብስ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል ኪኒን ያዝልኛል። ደም የሚተካውን አይረኔን አላቋርጥም። እንዲህ ያሉ ሥሮች ሳንባና አንጎል ውስጥም ሊኖሩ ስለሚችሉ ሳንባዬን አስመረመረኝ። ሳንባ ውስጥ ካለ፣ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት እንኳ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል አለ። ጥርስና ነስር ምን አገናኘው? ይገናኛል። ሳንባ ውስጥ ሳይጣራ ያለፈ ጀርም አንጎል ይደርሳል። ውጭ አገር በጣም ለባሰበት ሰው አፍንጫውን በቀዶ ሕክምና ሰፍተው ይዘጉታል። አየር ካልገባ አይደርቅም፣ ካልደረቀ አይደማም። እኔ ግን ቡና ሲቆላ ሳላሸትት መኖር? ይነስረኝ።

የእኔ ግን ከሁለቱም ወገን ነው፣ ከልጅነቴም ጀምሮ ነው። በ41 ዓመትህ ከአንዱ ብቻ የጀመረህ ነገር የእኔን አይመስልም። ለማንኛውም መስታወት ፊት ቆመህ ከንፈርህንና ምላስህን እይ።

ባለ አይሱዙው፣ ከአዳማ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ምላሴን አውጥቼ መስታወት ፊት ቆሜ ሳለ ባለቤቴ ገባች። ማብራሪያው ረጅም ነበር።

ነጥብ የለኝም። አባቴ ነስሮት አያውቅም። አስፒሪን አልወስድም። መተማንም ሁመራንም ረግጬ አላውቅም። ስላጭ የቆረጥኩት ወዲያው ይደርቃል፣ ድዴም ደህና ነው። ዛሬ ግን ሁለቴ መጥቷል። እንዳልሽው ጎንበስ ብዬ ለስላሳውን ይዤ 12 ደቂቃ ላይ ቆመ። ወደ ኋላ የሚወርደው ግን ለብቻው ቀጠለ። አንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ለሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ።

የኢተያው አባ በሬ፣ ከአርሲ

ልጄ፣ ነስሩ ከመጀመሩ በፊት ውሃ የት ጠጣህ?

ባለ አይሱዙው፣ ከአዳማ

ውሃማ የታሸገ ነው የምጠጣው አባቴ። ሃይላንድ ከመኪናዬ አይጠፋም። ለምን ጠየቁኝ?

የኢተያው አባ በሬ፣ ከአርሲ

የወንዝ፣ የኩሬ፣ የምንጭ። አንድ ጉንጭም ብትሆን። አስበህ መልስልኝ።

ባለ አይሱዙው፣ ከአዳማ

ቆይ። አዎ። ረስቼው ነበር።

ነስሩ ከመጀመሩ 8 ቀን በፊት ነው። ከሮቤ ስመለስ አዳባንና ዶዶላ መሃል ራዲያተሩ ፈላ። የያዝነው ውሃ አልቋል። ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ከብት የሚጠጣበት ኩሬ ነበር፣ በአፈር የተገደበ። በበጋው ጎድሎ ጭቃው ብቅ ብቅ ብሏል። ጀሪካኑን ብናስተኛው አይሞላም። ቱቦ ነበረኝ፣ አዲስ፣ ነዳጅ ያልነካው። አንዱን ጫፍ ውሃው ውስጥ ከተትኩ፣ ጀሪካኑን ከግድቡ ሥር አስቀመጥኩ፣ ሌላውን ጫፍ በአፌ ሳብኩ። እንደ ነዳጅ መሳብ ማለት ነው። ሹፌር ሁሉ ያውቃታል። ውሃው ሳላስበው አፌን ሞላው። ትን አለኝና ግማሹ በአፍንጫዬ ወጣ። ጥሜም ስለነበር ሁለት ጉንጭ ያህል ዋጥኩ፣ ፊቴንም ታጠብኩበት። ጭቃ ጭቃ ይላል። ከዚያ ራዲያተሩን ሞልተን ሄድን።

አባቴ፣ ምን ሊሉኝ ነው?

የኢተያው አባ በሬ፣ ከአርሲ

አልቅት ነው ልጄ። ሙቀትም አይደለም፣ ካንሰርም አይደለም።

በበጋ ውሃ ሲጎድል አልቅት ባለችበት ትሰበሰባለች። ስትገባ እንደ ክር ቀጭን ናት፣ አታያትም። ገብታ ትነክሳለች። ደም እየጠጣች ታብጣለች። በሬ ሲገባበት አፍንጫው በደም ይርሳል፣ ያስነጥሳል፣ ራሱን ያራግፋል፣ ይከሳል። አባቴ እንዲህ ያለውን በሬ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳያሳየው አስሮ ያውለዋል። አመሻሹ ላይ ጥርት ያለ ውሃ በገበቴ ያቀርብለታል። በሬው አጎንብሶ ሲቆይ አልቅቷ ውሃው ሸቷት ወደ አፍንጫው ጫፍ ትወርዳለች። ያን ጊዜ በሻካራ ጨርቅ ለቀም። በባዶ እጅ አትያዝም፣ ታዳልጣለች። ከፈጠንክ ያዝካት፣ ካልፈጠንክ ተመልሳ ትገባለች፣ ያ ምስኪን በሬ ነገም ሲጠማ ይውላል። እምቢ ካለች ትምባሆ ዘፍዝፎ በአፍንጫው ማንቆርቆር ነበር።

ሰው ላይም አይቻለሁ። የጎረቤቴ ልጅ እረኛ ነበር፣ በሆዱ ተኝቶ ከምንጭ ጠጣ። የእሱ ጉሮሮው ላይ ነበረች። ደም ሲተፋ "ሳንባ ነው" ተብሎ ስንት ተለቀሰ። ኋላ አንድ ጤና ረዳት አፉን ከፍቶ በባትሪ ሲያይ ጭራዋን አያት። "ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል" ስትል ነው የጠረጠርኩት። ሚስትህን እንቅልፍ ማጣት አይደለም በላት።

ጆከር፣ ከአዳማ

ሃሃሃ። አሁን ደግሞ አልቅት። ነገ የአዋሽ አዞ ነው ትሉታላችሁ። ወንድሜ፣ ከብት ማርባት አቅቶህ አፍንጫህ ውስጥ ጀመርክ? ባይሆን ሱረት ከገበያ ገዝተህ ሳብ አድርግና ትውጣ፣ ሐኪም ምን ያደርጋል።

ነጭ ጋዋን፣ ከሐዋሳ

ጆከር፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ተወው። አባቴ ትክክል ናቸው። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፣ ሁለቱም ከገጠር የመጡ ልጆች ናቸው። ይህን ሁሉ ጥያቄ ስደረድር፣ መተማ ድረስ ሄጄ ስጠይቅ፣ "ውሃ የት ጠጣህ?" ማለቱን ዘነጋሁት። ሹፌር ነው ብዬ ነው። ኩሬ ከእረኛ ጋር እንጂ ከአይሱዙ ጋር አላገናኘሁትም።

አልቅት ስትነክስ ምራቋ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር አለ። ስለዚህ እሷ ጠጥታ ከጠገበች በኋላም ቁስሉ ይፈሳል። ንክሻው አያምህም፣ የሚሰማህ መታፈንና ማሳከክ ነው። ሳምንታት ልትቆይ ትችላለች፣ ሰውየው በዚህ መሃል ደሙ እያነሰ ይሄዳል። የልብህ ድው ድውና የፊትህ መንጣት ከዚያ ሊሆን ይችላል።

አሁን ልለምንህ። ሱረት እንዳትስብ። ትምባሆ ዘፍዝፈህ እንዳታንቆረቁር። ኒኮቲን መርዝ ነው፣ በሬና ሰው አንድ አይደሉም። ጨው፣ አረቄ፣ ሎሚ በራስህ እጅ አታስገባ። በወረንጦም አትጎትታት። አጥብቃ ስለያዘች ተበጥሳ ግማሿ ይቀራል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ተነክታ ለቃ ወደ መተንፈሻህ ብትወርድ ነው። ድንገት ድምፅህ ከጎረነነ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ ሐሙስን አትጠብቅ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

ሐኪም ቤት ሥራው ቀላል ነው። ማደንዘዣ ይረጫል፣ ሊዶኬይን። እሷም ትደነዝዛለች፣ ይዛ የነበረውን ትለቃለች። ከዚያ በመቆንጠጫ ቀስ ተብላ ትወጣለች። ቁጭ ብለህ ወደ ፊት አጎንብሰህ ነው፣ እሷ ወደ ኋላ ወደ ጉሮሮህ እንዳትወድቅ። አንዷ ከወጣች በኋላም ደግመው እንዲያዩልህ ጠይቅ፣ ሁለት የምትሆንበት ጊዜ አለ።

እትዬ ሎሚ፣ ከአዳማ

በስመ አብ። ነፋሱን ይቅር በሉኝ።

ባለ አይሱዙው፣ ከአዳማ

ሐሙስ ማታ ነው። ወጣች።

ልንገራችሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው። ስለ ኩሬውና ስለ ቱቦው ስነግረው ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ወንበሩን ሳብ አደረገና "ቀኙ ነው አይደል?" አለኝ። ጫፉ ላይ መብራት ያላት ቀጭን ካሜራ አስገባ። ስክሪኑ ወደ እኔም የዞረ ነበር። መጀመሪያ ቀይ ሥጋ ብቻ ነው። ወደ ኋላ ሲጠልቅ አንድ ጥቁር ነገር ታየ። የረጋ ደም መሰለኝ። ከዚያ ተሰበሰበ። ራሱን ሰብስቦ ወደ ውስጥ ሸሸ። ብዙ ዳገት ወጥቻለሁ፣ ፍሬን እምቢ ብሎኝም ያውቃል፣ እንደዚያች ደቂቃ ግን ፈርቼ አላውቅም። ረዳቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ "ወላሂ አየኋት!" ብሎ ወጥቶ ሮጠ።

ማደንዘዣውን ረጨብኝ። ጉሮሮዬ ደነዘዘ፣ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ትንሽ ጠበቅን። ጎንበስ በል አለኝና መቆንጠጫውን አስገባ። የመጀመሪያው ላይ አዳለጠችው። በሁለተኛው ያዛት። አልጎተታትም፣ እንደያዛት ቆየ፣ ደግሞ ረጨባት። ለቀቀች። ስትወጣ ምንም አላመመኝም። ከውስጤ ረጅም ክር የተሳበ ያህል ብቻ ነው የተሰማኝ።

ሳህኑ ላይ ሲያስቀምጣት ከትንሿ ጣቴ ትበልጣለች። ጀርባዋ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ጎኗ ላይ ብርቱካንማ መስመር አላት። እንደ ላስቲክ ትለጠጣለች፣ ተመልሳ ትኮማተራለች። የእኔን ደም ጠጥታ ነው እንዲህ የሰባችው። ነርሷ እንዳለችኝ "ሌላ እንዳትኖር" አልኩት። በሁለቱም በኩል ደግሞ አየ፣ ጉሮሮዬንም አየ። የለም።

ደሙ ወዲያው አልቆመም። ጎዝ ጠቅጥቆልኝ ሁለት ሰዓት አቆየኝ፣ አመሻሹ ላይ ቆመ። ሄሞግሎቢኔ፣ የደሜ መጠን ማለት ነው፣ 9.4 ነው። ወንድ ከ13 በላይ ሊኖረው ይገባል አለኝ። አይረን ለ3 ወር አዞልኛል። ግፊቴን አረፍ ካልኩ በኋላ ሲለኩኝ 128 በ80 ሆነ። ለአንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት እየተለካሁ ጽፌ እንዳመጣ ነግሮኛል፣ የኪኒኑን ነገር ያን ጊዜ እንወስናለን።

አባቴ፣ የኢተያው፣ በቀጣዩ ጉዞዬ በርዎ ላይ ቆሜ ጡሩንባ እነፋለሁ። ቤትዎን ብቻ ያመልክቱኝ።

የኢተያው አባ በሬ፣ ከአርሲ

እሰይ። ና፣ ጠላ አለ። ውሃችንም የቧንቧ ነው።

ጆከር፣ ከአዳማ

ወንድሜ፣ አፌን ዘግቻለሁ። ይቅርታ። ግን ምን አደረጋችኋት?

ባለ አይሱዙው፣ ከአዳማ

ብልቃጥ ውስጥ አልኮል ጨምሮባት ሐኪሙ ወሰዳት፣ ለተማሪ ማሳያ ትሆናለች ብሎ። እኔማ ልረግጣት ነበር።

ሌላ ነገር አለ። ማታ ረዳቴን ወደ ቤቱ ሳደርሰው ዝም ብሏል፣ እንደ ልማዱ አይለፈልፍም። "ምን ሆንክ?" አልኩት። ለካ ያን ቀን እኔ ራዲያተሩን ስሞላ እሱ ከዚያው ቱቦ በእፍኙ እየተቀበለ ጠጥቷል። "ጉሮሮዬን ይከረክረኛል" ማለት ከጀመረ ሁለት ሳምንቱ ነው። ብርድ ነው ብሎ ዝንጅብል ሲያኝክ ነበር የከረመው። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይዤው እሄዳለሁ። ስንዴው ይጠብቅ።